ወልውሌና የአባቱ ጥቁር መኪና

ጥቁር መኪና የሚገዛ ሰው፣ ይላል ወልውሌ፣ ወይ የሚያጥብለት ሰው ያለው ሀብታም ነው፣ ወይ ራሱን በራሱ ሊያናድድ የቆረጠ ነው። ነጭ መኪና ገመና ይሸፍናል። አቧራ ቢጠጣ፣ ቅርንጫፍ ቢጭረው፣ ትንሽ ራቅ ብሎ ላየው ሰው ምንም አልሆነም። ጥቁር ግን ምስጢር አይቋጥርም። በቆሸሸ ጨርቅ አንዴ ካበሱት፣ ፀሐይ ስታርፍበት ክብ ክብ ጭረቱ እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግቶ ይታያል፤ ያበሰውም ሰው የሚገባበት ጉድጓድ ያጣል።

ይህን የሚለው ጥቁር መኪና ጠልቶ አይደለም። በሚሠራበት ላቫጆ ጥቁር መኪና በበሩ ብቅ ሲል ከሠራተኞቹ አንዱ ቧንቧ ሊዘጋ ይሄዳል፣ ሌላው ያልጠራ ስልክ ያነሣል፤ ወልውሌ ብቻ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ ወደ መኪናው ይራመዳል። ስሙም ከዚያው የመጣ ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነበር፣ ላቫጆ ውስጥ ግን ስም የሚያወጡት እናቶች አይደሉም። ባለመኪናው ሞተር አስነሥቶ መውጣት ከጀመረ በኋላ እንኳ ፎጣውን ይዞ በጎን በኩል አብሮ እየተራመደ አንዲት የቀረች የውሃ ጠብታ ሲያብስ ስላዩት ወልውሌ አሉት፤ በዚያው ቀረ።

ስለ ሥራው ሲጠየቅ ደግሞ ቀልደኛ ነው። ሰዎች ፖሊሽ ጭረት የሚሞላ ይመስላቸዋል። ወልውሌ ይስቅባቸዋል። ጭረት አይሞላም፤ ዙሪያው ያለው ቀለም ነው ተልጎ ተልጎ ወደ ጭረቱ ወለል የሚወርደው። «ጭረቱን አላጠፋሁትም፣ ጎረቤቶቹን ነው ዝቅ ያደረግኋቸው» ይላል። ስለዚህ መኪና በተወለወለ ቁጥር ቆዳው ይሳሳል፤ ብዙ ያበራ መኪና ብዙ ያጣ መኪና ነው። ይህን ሁሉም ደንበኛ ይሰማዋል፣ ማንም ልብ አይለውም።

የሹፌር ልጅ ሆኖ መንዳት አያውቅም። ከመኪና የሚያውቀው ቆዳዋን ነው፤ ከቆዳዋ በታች ያለውን ነገር ሁሉ ለባለሙያው ትቶታል። አንድ ጊዜ አግብቶ ነበር። ሚስቱ ጥፍሩ ሥር የማይለቀውን ጥቁር ነገር ስታይ ኖራ ኖራ ሰልችቷት ሄደች ይላል፤ በዚህ ብቻ ሚስት እንደማትሄድ እሱም ያውቃል፣ የሚሰማውም ሰው ያውቃል። ከዚያ ወዲህ ኑሮው ከአባቱ ቤት ነው፤ ሁለት ክፍል፣ ጠባብ ግቢ፣ ቆርቆሮ ጥላ፣ ከጥላው ሥር ደግሞ አንዲት ጥቁር አሮጌ መኪና።

አባቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ይህችኛዋን የገዟት መጨረሻ ከሠሩበት መሥሪያ ቤት ነው፣ ሌሎች ነድተዋት ነድተዋት ሲሰለቿት። ያን ቀን ቤተሰቡን ሁሉ አሳፍረው ከተማውን ሲዞሩ፣ አባትየው በመስኮት ክንዳቸውን አውጥተው ለማያውቁት ሰው ሁሉ ሰላምታ ይሰጡ ነበር። አሮጌ ናት ያላቸው ሰው ካለ፣ ለእኔ አዲስ ናት ይሉት ነበር። ጡረታ ከወጡ በኋላ በየጠዋቱ በእርጥብ ጨርቅ ያብሷታል፤ ልጃቸው ያን ጨርቅ እያየ ጥርሱን ነክሶ ያልፋል፤ ጥቁር ቀለም ላይ ከዚያ የከፋ ጠላት የለምና። «የሰው መኪና ታበራለህ፣ የእኛን መቼ ነው የምትነካት?» ይሉታል አባቱ። ነገ ይላል። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ማለት ይህ ነው። ነገ እየተባለ ዓመታት ሄዱ፣ አባትየውም መጠየቅ ተዉ። የተዉት ተስፋ ቆርጠው አልነበረም፤ ጥያቄውን ራሱን ረስተውት ነው።

መርሳታቸው በቁልፍ ጀመረ፣ በመንገድ ቀጠለ፣ በመጨረሻ ሰው ላይ ደረሰ። የመጀመሪያው ተረሺ ወልውሌ ሆነ። ከሥራ ሲገባ ከወንበራቸው ቀና ብለው በትሕትና «ቆጣሪው ውጭ ነው» ይሉታል። የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ሰው መስሏቸው ነው። ሴት ልጃቸውን አልረሷትም፤ ቤት ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋው እሷ ናት፣ የስፌት መኪናዋ ድምፅ ከመረሳት ሳይጠብቃት አልቀረም። ወልውሌ እታለም ይላታል፣ ታላቁ ናትና። በመጀመሪያ በቆጣሪው ነገር አብረው ይስቁ ነበር። ሳቁ ያለቀው አንድ ቀን አባትየው ቆጣሪውን አንብቦ ስለማይሄደው ሰው ለእታለም በሹክሹክታ ሲያማርሩ በሰማ ጊዜ ነው።

አባታቸውን የመረመረችው ሐኪም ብዙ አልሸፋፈነችባቸውም። የሄደው አይመለስም፤ ያለውን ማቆየት ነው አለች። የለመዱትን ነገር አትለዋውጡባቸው፣ አልጋቸውን አታዙሩ፣ ወንበራቸውን ከቦታው አታንሡ። እታለም ይህን ሰምታ የመጋረጃውን ቀለም እንኳ ሳትለውጥ ኖረች። ወልውሌም ሰምቷል፤ የሰማበት ጆሮ ግን የሙያው ጆሮ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶለት ነበር። አባትየው ፀሐይ ሲወጣ ወደ ግቢው ይወጡና መኪናዋን በእጃቸው ይዞሯታል። ዓይናቸው ደክሟል፤ የሚያነቡት በጣታቸው ነው። ከኋላ ከዕቃ መጫኛው ክዳን ይጀምራሉ፤ እዚያ የጆንያ ሽቦ የጫረው አለ። ከዚያ ወደ ኋላው በር ይሄዳሉ። በዚያ በር ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ ጥልቅ ጭረት አለ፤ ወልውሌ ልጅ ሳለ በብስክሌት ፔዳል የጫረው ነው። ያን ቀን በፍርሃት ጎረቤት ቤት ተደብቆ ሲያለቅስ ውሎ ነበር። አባቱ ግን አልመቱትም፤ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ጭረቱን እያሳዩ «ማሙሽ ፈርሞባታል» እያሉ ይስቁ ነበር። አባትየው ይስቁ እንጂ ልጁ ስቆ አያውቅም። ጭረት ማጥፋት ሙያው የሆነው ከዚያ ቀን ጀምሮ ይሁን ወይ በአጋጣሚ እሱም አያውቀውም፤ ያ መስመር ግን አንጀቱ ላይ የተጫረ ያህል ነበር።

እንግዲህ የአባትየው ጣት እዚያ መስመር ላይ ሲደርስ ይቆማል። ወዲህና ወዲያ ይሉበታል። ከዚያ ፊታቸው ይፈታና ዞር ብለው ከአጠገባቸው የቆመውን ሰው ያዩታል። «ማሙሽ» ይሉታል። «በላህ?» ይሉታል። ለጥቂት ጊዜ ልጃቸው ይሆናል፤ ስለ ሥራው ይጠይቁታል፣ ጫማውን አይተው ይቆጡታል። ወደ ቤት ሲገቡ እንደገና ቆጣሪ አንባቢ ነው። ወልውሌ በየጠዋቱ ለዚያች አንዲት ቃል ሲል ሥራ እያረፈደ ግቢ ውስጥ ይቆም ጀመር። ባለላቫጆው መጀመሪያ ተቆጣ፣ ነገሩን ሲሰማ ተወው።

ሰው ጥቂት ካገኘ ብዙ ያምረዋል። ወልውሌ ማሰብ ጀመረ። አባቱ በዚህች የተቧጨረችና የደበዘዘች መኪና አጠገብ ይህን ያህል ከተመለሱ፣ የገዟት ቀን እንደነበረችው ብትሆንላቸውስ? ያን ቀን ክንዳቸውን በመስኮት አውጥተው የነዷትን መኪና ቢያገኟት፣ ቀኑም አብሯት አይመጣም? ሐኪሟ አትለውጡ ብላለች፤ ለወልውሌ ግን መኪና መወልወል መለወጥ አይደለም፣ ወደ ራሷ መመለስ ነው። ዕድሜ ልኩን የኖረበት ሃይማኖት ይኸው ነው። ጭረት ቆሻሻ ነው፣ ቆሻሻ ደግሞ የመኪናው አካል አይደለም።

እታለም አልወደደችውም።

«ተዋት» አለችው። «አባባ እንዲህ እንዳለች ነው የሚያውቋት።»

«እንዲህ ሆና እኮ አይደለም የገዟት፣ እታለም። ስንት ጊዜ ለመኑኝ፤ አንድ ቀን እንኳ አላደረግኩላቸውም። አሁን ባደርገው ምናልባት…»

ምናልባቱን አልጨረሰውም፤ አፈረ። በዚህ ዕድሜው ተስፋ ማድረጉ ለራሱም አሳፍሮታል። እሷም የጀመረችውን ኮሌታ አዙራ መስፋቷን ቀጠለች።

ምቹ ጊዜ መጣ። አባትየው ጉንፋን ይዟቸው አልጋ ላይ ዋሉ፣ ወደ ግቢ መውጣት ተከለከሉ። ወልውሌ ከላቫጆው የመወልወያ ማሽኑን ተውሶ፣ እረፍት ጠይቆ መኪናዋን ተያያዛት። በሁለት ባልዲ አጠባት፤ በአንዱ ሳሙናው፣ በሌላው የጨርቁ ማለቅለቂያ፣ ያነሣው አሸዋ ተመልሶ ቀለሙን እንዳይፈጨው። በዓመታት የተጣበቀውን የዛፍ ሙጫና የመንገድ ሬንጅ እንደ ሊጥ በሚለጠጠው የመኪና ማጽጃ ሸክላ እያሸ እያሸ አነሣው፤ ሸክላው ጠቁሮ ጠቁሮ እሱ ራሱ መኪና መሰለ። ከዚያ ወደ ጭረቶቹ ሄደ።

የኋላውን በር መጨረሻ ላይ አስቀምጦት ነበር፣ ጣፋጩን እንደሚያቆይ ሰው። ያ ጭረት ከላይኛው ጥርት ያለ ሽፋን አልፎ፣ ጥቁሩንም አልፎ፣ ከሥሩ ያለውን ግራጫ አሳይቷል፤ በውልወላ ብቻ የሚሆን አይደለም። በቀጭን ብሩሽ ጥቁር ቀለም እያንጠባጠበ ሞላው፣ እስኪደርቅ ጠበቀ፣ ደግሞ ሞላው። ሲደርቅ በልዝቡ የብርጭቆ ወረቀት፣ ውሃ እያፈሰሰ፣ ትንፋሹን ይዞ አስተካከለው። እዚህ ላይ ከሳተ ቀለሙ ይበሳል፣ ከተበሳ ደግሞ መድኃኒት የለውም። አልሳተም። በሕይወቱ ከሠራው ሥራ ሁሉ ይህኛው የበለጠ ነበር፤ ይህን የሚለው እሱ ብቻ አይደለም፣ በኋላ ማሽኑን ሊወስድ የመጣው ባለላቫጆ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ በሩን ሲያይ ቆሞ ነበር።

ማሽኑን በዝግታ ነዳባት፣ ከሻካራው ስፖንጅ ወደ ለስላሳው፣ ከክዳኑ ወደ ጣሪያው፣ ከጣሪያው ወደ ኮፈኖው። በመጨረሻም ሰሙን በእጁ ቀባት። ሰም በማሽን ይቀባል የሚሉ አሉ፤ ወልውሌ ሰም የእጅ ሙቀት ይፈልጋል ባይ ነው። ስስ አድርጎ ቀብቶ፣ ጭጋግ ሲሠራ ጠብቆ፣ በንጹሕ ፎጣ ሲያነሣው ሰማዩ ኮፈኖው ላይ ወረደ። የእህቱ የታጠበ ልብስ፣ የጎረቤት ቆርቆሮ፣ የገዛ ፊቱ፣ ሁሉም ተገልብጦ እዚያ ውስጥ ነበር። በእነዚያ ቀናት ወልውሌ ደስተኛ ነበር። እየሠራ ያፏጭ ነበር፤ እታለም ሚስቱ ከሄደች ወዲህ ሲያፏጭ ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነው።

አባትየው ጉንፋኑ ለቀቃቸውና እንደ ልማዳቸው ፀሐይ ሲወጣ ወደ ግቢው ወጡ። እታለም ክንዳቸውን ደግፋለች። ወልውሌ ካልሲውንም ጫማውንም ጭምር ለውጦ ከመኪናዋ ጎን ቆሟል። ፈተና ላይ እንደ ተቀመጠ ልጅ አፉ ደርቋል።

እጃቸውን ዕቃ መጫኛው ክዳን ላይ አሳረፉ። እጃቸው ተንሸራተተ። አንሥተው እንደገና አሳረፉት፤ ሰሙ አሁንም አንሸራተተው። ጣታቸው እየፈለገ ወደ ኋላው በር ሄደ፣ በሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አለፈው፣ ተመለሰ፣ ደግሞ አለፈው። የሚይዘው አላገኘም። ወልውሌ ይህን ጊዜ ያደረገውን አወቀ። እዚህ ጋ ነው አባባ፣ ሊል ፈለገ፤ እዚህ ጋ ግን ምንም አልነበረም። ራሱ ነበር ያጠፋው፣ ማንም እንዳያገኘው አድርጎ።

አባትየው እጃቸውን ከመኪናዋ አንሥተው መዳፋቸውን ሸሚዛቸው ላይ ጠረጉ፣ የሰው ዕቃ የነኩ ይመስል።

«የማን ናት?» አሉ።

«የእርስዎ ናት፣ አባባ» አለች እታለም።

«የእኔ አይደለችም። የእኔን የት አደረጋችኋት?»

ወደ ወልውሌ እንኳ ዞረው አላዩም፤ ወደ ቤት ገቡ።

ከዚያ ቀን በኋላ በየጠዋቱ መውጣት ቀረ። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው መኪናቸው እንደተሰረቀ ለሚገባ ለሚወጣው ይናገራሉ፤ አንዳንዴ ይረሱትና ዝም ይላሉ፣ ዝምታው ደግሞ ይብሳል። እታለም ወንድሟን አልወቀሰችውም፤ ቢወቅሱት ይሻለው ነበር። አንድ ቀን ብቻ ክር መርፌ ውስጥ እያስገባች፣ ቀና ሳትል «እጃቸው ነበር የሚያያት፣ ዓይናቸው አይደለም» አለችው። እሱም አውቃለሁ አለ። ላቫጆ ሲሄድ ጥቁር መኪና ሲገባ እሱም እንደ ሌሎቹ ቧንቧ ሊዘጋ ይሄድ ጀመር።

በመጨረሻ ያደረገውን ነገር ለማንም አልተናገረም፤ ከእታለም በቀር ያየውም የለም። አንድ ከሰዓት ምስማር ይዞ ከኋላው በር ፊት ተንበረከከ። ጭረት ሲያጠፋ የኖረ ሰው ጭረት መሥራት ያውቃል ብለን እናስብ ይሆናል፤ አያውቅም። መስመሩ የት ጀምሮ የት እንዳለቀ ያውቀዋል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያየዋል። ነገር ግን የልጅ እጅ በብስክሌት ሚዛን ስቶ የጫረው መስመር እንደ ፈለገ የሚሄድ ነው፤ አንዱ ጋ ይጠልቃል፣ አንዱ ጋ ይዘላል፣ ፍርሃት አለበት። የወልውሌ መስመር ግን ቀጥ ያለ ነበር። እጁ ዕድሜ ልኩን ቀጥታ ለምዶ ማዛነፍ አቃተው። ቀለሙ ከሥሩ እየተነቀለ ሲፋቅ እንባው ይወርድ ነበር፣ አላበሰውም።

በነጋታው እታለም አባቷን እንደ ምንም ለምና አወጣቻቸው። አባትየው ሳይፈልጉ እጃቸውን ዘረጉ፣ በሩን ዳሰሱ። ጣታቸው መስመሩ ላይ ደረሰና ቆመ። ወዲህ አሉበት፣ ወዲያ አሉበት። ወልውሌ ከአጠገባቸው ቆሟል።

«ውይ» አሉ አባትየው በሐዘኔታ፣ ዞር ብለውም አዩት። «መኪናዋ የእርስዎ ናት?»

ወልውሌ እህቱን አየ፣ መሬት መሬት ታያለች።

«አዎ» አለ።

«ምን ዓይነት ክፉ ነው እባክዎ፣ እንዲህ ያለች ዕቃ ላይ። ግን አይዘኑ። ልጅ አለኝ፣ ሥራው ይኸው ነው። ጭረት የሚባል ነገር አያስቀርም፤ የት ጋ እንደነበረ ራስዎ አያገኙትም።» ድምፃቸው ውስጥ ኩራት ነበር። «ሥራ በዝቶበት ነው እንጂ ይመጣል። ሲመጣ እነግርልዎታለሁ።»

«እሺ» አለ ወልውሌ። «ይንገሩልኝ።»

አባትየው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ነገሩ አልቆ እንግዳው መሄድ ያለበት ሰዓት እንደ ደረሰ ሁሉ ክንዱን ያዝ አድርገው ቀስ እያሉ እስከ ውጭው በር ሸኙት። በሩን ከፍተው ቆሙ፣ ደህና ይሁኑ አሉት። ወልውሌ ወጣ። በሩ ከኋላው ተዘጋ፣ መቀርቀሪያው ገባ። አባቱ ወደ ቤት ገብተው እታለም መጥታ እስክትከፍትለት ድረስ ከገዛ ቤቱ ደጅ መንገድ ላይ ቆሞ ጠበቀ።